ዶላሩን ስትጽፉ የቀረውንም ጻፉልን

ይድረስ ለስፖርት ዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የማራቶን ሯጭ ነኝ፣ ስፖንሰር የለኝም፣ ክለብም የለኝም፣ ምርጥ ሰዓቴ 2:11 (ሁለት ሰዓት ከአስራ አንድ ደቂቃ) ምናምን ነው። ይሄ ሰዓት ብዙ የአውሮፓ አገር ቢሆን ብሄራዊ ቡድን ደጃፍ ያደርሳል፣ እኛ ጋ ግን ጠዋት ሱሉልታ መንገድ ዳር ብትቆሙ 2:11 የሮጠ ሰው ታክሲ ሲጠብቅ ታገኙታላችሁ፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ምጽፍላችሁ ባለፈው ሰሞን ስፖርት ገጻችሁ ላይ አትሌቶቻችን በአንድ እሁድ ይሄን ያህል ዶላር አፈሱ ብላችሁ ስላወጣችሁት ዜና ነው። ቁጥሩ ውሸት ነው አልልም፣ የውድድሩ አዘጋጆች ራሳቸው ያወጡት ነው። ግን ሁሌ ቁጥሩን ጽፋችሁ እዛው ላይ ትተዉታላችሁ፣ ያ ብር ኪስ እስኪገባ ድረስ ምን እንደሚሆን አንድም ቀን ጽፋችሁ አላየሁም፣ እሱ ነገር ደሞ እኛን እየጎዳን ነው።

እንዴት ይጎዳችኋል ትሉ ይሆናል። አከራዬ እትዬ ጋዜጣ አያነቡም፣ ልጃቸው ግን በስልኩ እያየ ይነግራቸዋል። ዜናው የወጣ ሳምንት ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ መጡና "አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ዶላር የት ነው ምትቀብረው?" አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉኝ፣ ወሩ ሲያልቅ ግን ኪራዩ ላይ አንድ ሺ ብር ጨመሩ። የዛን ቀን እኔ ቤት የነበረው በሶና ትንሽ ስኳር ነው። ከአገር ቤት ሚደወለውም እንደዛው ነው፣ የአጎቴ ልጅ ሰርግ፣ የቤተክርስቲያን ቆርቆሮ፣ የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም "ያው አንተማ ውጪ ትሮጣለህ" ብሎ ነው ሚጀምረው። አልሰጥም ብትል ጨካኝ ነህ፣ የለኝም ብትል ማንም አያምንህም።

ሚያሳዝነው ትላልቆቹን አይቶ ነው ሰው ስለኛ ሚያወራው። 2024 (እ.ኤ.አ.) ቦስተን ላይ ሲሳይ ለማ በ2:06:17 ሲያሸንፍ 150 ሺ ዶላር፣ ሁለተኛ የወጣው መሀመድ ኢሳ 75 ሺ ዶላር። ይገባቸዋል፣ ለኔ እንደውም ያንሳቸዋል። እዛ ደረጃ የደረሰ ሰው ደሞ ከሽልማቱ ሌላ ውድድሩ ላይ ለመሰለፍ ብቻ ሚከፈለው አለው፣ ከጫማ ካምፓኒ በዓመት ሚያገኘው አለው፣ ሰዓት ሲያሻሽል ቦነስ አለው። እንደ መቻል፣ እንደ ንግድ ባንክ ያለ ክለብ የገባም ቢያንስ የወር ደሞዝ አለው። እኔ የነበርኩበት ክለብ በጀት አጠረኝ ብሎ የረጅም ርቀት ሯጮቹን ቀነሰ፣ በቃ ከዛ ወዲህ ምበላው ከውድድር ነው፣ ውድድር ከሌለ ደሞ ያው።

እስቲ ሂሳቡን ቁጭ ብለን እንስራው። አሜሪካ ውስጥ አንድ መካከለኛ ማራቶን ላይ አምስተኛ ወጣሁ፣ ሽልማቱ 5 ሺ ዶላር። እናንተ ብትዘግቡት "5 ሺ ዶላር ተሸለመ" ነው ምትሉት፣ ሰውም ወደ ብር መንዝሮ ይገረማል። የአሜሪካ ግብር እዛ ነዋሪ ካልሆነ ሰው ሽልማት ላይ ገና እጅህ ሳይገባ 30 ከመቶ ይይዛል፣ 1500 ሄደ። ውድድር ሚያገኝልህ ማናጀር 15 ከመቶ አለው፣ የኔው ደሞ ሚቆርጠው ከተረፈው ሳይሆን ከሙሉው ነው፣ 750 ሄደ። 2750 ቀረ። ትኬቱን ማናጀሩ ነው የቆረጠልኝ፣ ግን ስጦታ እንዳይመስላችሁ፣ ብድር ነው፣ 1400 ተቀነሰ። የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ከኪሴ ከፍያለሁ፣ እሱ ቪዛ ቢከለክሉህም አይመለስም። ቀረ 1165። ከዛ ላይ አሰልጣኜ አለ፣ የማሳጅ ልጅ አለ፣ ያልከፈልኩት ወደ ልምምድ ሚወስደን የሰርቪስ መኪና ውዝፍ አለ፣ የሱቅ ዱቤ አለ። ለዚ ውድድር ወራት ነው የተዘጋጀሁት፣ እና ማራቶን በዓመት ሁለቴ፣ ቢበዛ ሶስቴ ነው ሚሮጠው፣ ሰውነት ከዛ በላይ አይችልም።

ስለ 30 ከመቶው ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለሌሎች ልጆች ይጠቅማልና ብታትሙት ደስ ይለኛል። ዋሽንግተን አካባቢ የግብር ፎርም ሚሞላ ያገሬ ልጅ ነው ያስረዳኝ፣ የዓመቱን ፎርም ሞልተህ ወጪህን፣ የማናጀሩንም የትኬቱንም፣ ካሳየህ ከተያዘብህ ላይ ሚመለስልህ ሊኖር ይችላል። ስንቶቻችን ነን ይሄን ምናውቀው? ማንም አልነገረን። ወረቀቱ ማናጀሩ ጋ ይሄዳል፣ ማናጀሩ ወይ ይረሳዋል ወይ ዝም ይላል፣ ብሩ እዛው ይቀራል።

ብሩ ደሞ በማግስቱ ሚመጣ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። መጀመሪያ የዶፒንግ ውጤት ይጠበቃል፣ ይሄ ልክ ነው፣ ንጹህ የሆነ ሯጭ አይቃወመውም። ከዛ አዘጋጁ ለማናጀሩ ይልካል፣ ማናጀሩ ለኔ ይልካል፣ በመሀል "ነገ"፣ "ባንኩ ያዘው"፣ "አዘጋጁ አልላከም" ሚባል አለ። የኔ ከፋሲካ በፊት የሮጥኩት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው የደረሰኝ። አንድ ጓደኛዬ ደሞ አውሮፓ ውስጥ ሁለተኛ የወጣበት ውድድር አዘጋጁ ከሰርኩ ብሎ ጭራሽ ጠፋ፣ ማናጀሩም "እኔም የኔን አላገኘሁም" አለው፣ አለቀ። ማንን ይከሳል? በየትኛው ቋንቋ? ውሉ ራሱ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ እኛ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ቆመን "እዚ ጋ ፈርም" ስንባል ፈርመን ነው የወጣነው፣ ኮፒውን እንኳን ይዞ የወጣ ሰው አላውቅም።

ዶላር ጨመረላችሁ እኮ ሚሉን አሉ። ሐምሌ 2016 (በኛ አቆጣጠር) ላይ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ አለፈ፣ እውነት ነው፣ ዶላር በእጁ ይዞ የነበረ ተጠቅሟል። እኔ ግን በእጄ የነበረው ዶላር ሳይሆን የትኬት እዳ ነው፣ እሱም በዶላር ነው። ጫማው በዶላር ነው፣ ቪዛው በዶላር ነው፣ ናፍጣው ሲጨምር ሰርቪሱ ይጨምራል። ገቢዬ በዓመት አንዴ ሁለቴ ይመጣል፣ ወጪዬ ግን በየቀኑ ነው።

ውድድር ማግኘቱ ራሱ ሌላ ውድድር ነው። አንድ ማናጀር ስር ሰላሳ አርባ ሯጭ አለ፣ ቦታ ሲገኝ መጀመሪያ 2:05 እና 2:06 ለሮጡት ነው ሚደወለው። አዘጋጆቹም ሁሉም ኢትዮጵያዊና ኬንያዊ እንዲሆን አይፈልጉም፣ ሁለት ሶስት ሰው ይበቃናል ይላሉ፣ አሜሪካ ውስጥ ደሞ ለአሜሪካዊ ብቻ ተብሎ የተለየ ሽልማት ያለው ውድድር አለ፣ አገራቸው ነው ምን ይባላል። ቦታው ሲገኝ ከፌዴሬሽን የፈቃድ ደብዳቤ፣ ከዛ ኤምባሲ። ኤምባሲ ላይ የባንክ ስቴትመንት አምጣ ትባላለህ፣ ስቴትመንቴን ላሳያችሁና እናንተ ራሳችሁ ቪዛ አትሰጡኝም። ተከልክለህ ስትመለስ ልምምዱ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው፣ የፎርም ጊዜህ ደሞ ቆሞ አይጠብቅህም።

በብሄራዊ ቡድን በኩል ልሞክር ብል እሱም ያው ነው፣ ለቶኪዮው 2025 የዓለም ሻምፒዮና የወንዶች ማራቶን ሚኒማ (መግቢያ ሰዓት) 2:06:30 ነበር፣ ያን ሰዓት ያለው ሰው እኛ ጋ ሞልቷል፣ ሚሄደው ግን ሶስት ነው። ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በ2:06:26 የኦሎምፒክ ሪከርድ ሰብሮ ወርቅ ያመጣው ታምራት ቶላ እንኳን መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፣ ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ነው የገባው። እንግዲህ እሱ ተጠባባቂ የሆነበት አገር ውስጥ እኔ የቱ ጋ እንደምቆም አስቡት።

ብዙዎቻችን ምንኖረው በአሯሯጭነት ነው። እስከ 25 ወይ 30 ኪሎ ሜትር በታዘዝክበት ፔስ (ፍጥነት) ትመራና ትወጣለህ፣ የተስማማኸው ይከፈልሃል፣ በሰዓቱ ካላደረስካቸው ደሞ ይቆረጥብሃል። ስምህ የትም አይወጣም፣ ውጤትም አይያዝልህም፣ ስለዚ ለሚቀጥለው ውድድር ማናጀሩ ሚያሳይልህ አዲስ ሰዓት የለህም። 2024 ቤጂንግ ግማሽ ማራቶን ላይ የሆነውን ዘግባችኋል፣ አንድ የኛ ልጅና ሁለት ኬንያውያን መጨረሻው ላይ ቀስ ብለው ቻይናዊውን ሀ ጄን አሳለፉት፣ ዓለም ሳቀባቸው፣ አራቱም ሜዳሊያና ሽልማታቸው ተነጠቀ። ከኬንያውያኑ አንዱ እኛ እኮ ለማሯሯጥ ነው የመጣነው ብሎ ተናግሯል። ጥሩ ስራ ነው አላልኩም፣ ተመልካች ተታሏል። ግን አሯሯጭ ሆኖ የሮጠ ሰው ያን ቪዲዮ ሲያይ ሳቅ አይመጣለትም፣ "አሸናፊው ከፊት ይግባ" ከተባልክ ምትበላው ከዛ ነው፣ እምቢ ብትል በሚቀጥለው ዓመት ሚደውልልህ የለም።

አሁን ስለ ጫማ። ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሶሉ ውስጥ ካርቦን ያለው ጫማ መጣ፣ የናይኪው ቬፐርፍላይ ሲወጣ 250 ዶላር ነበር፣ 2023 ላይ አዲዳስ 138 ግራም ሚመዝን ጫማ በ500 ዶላር አወጣ፣ ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ 2:11:53 የሮጠችበት እሱ ነው። ያለ ካርቦን ጫማ ውድድር መግባት ዘንድሮ ፌዝ ነው፣ ስፖርቱን በዓለም ደረጃ ሚመራው ዎርልድ አትሌቲክስም የሶሉ ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር አይለፍ አለ እንጂ ዋጋው ከዚህ አይለፍ አላለም። ስፖንሰር ያላቸው ልጆች በካርቶን ይላክላቸዋል፣ ትርፉን ለኛ ይሸጡልናል፣ እግዜር ይስጣቸው ከሱቅ ዋጋ በታች ነው። ገበያው ልምምድ ካለቀ በኋላ መኪናው ጎን ነው፣ ላብህ ሳይደርቅ። ጫማውን ትቀበልና ሶሉን በአውራ ጣትህ ጫን ጫን ታደርገዋለህ፣ ፎሙ ተመልሶ ካልተነሳ ሞቷል ማለት ነው። ጎኑን ታያለህ፣ እንደ አረጀ ሰው ፊት ቆዳው ከተጨማደደ ብዙ ተሮጦበታል። ከስሩ ጎማው ጣት አካባቢ መላጣ መሆኑን ታያለህ። ስንት ጊዜ ተሮጦበታል ስትል መልሱ ሁሌ "ሁለት ልምምድ ብቻ" ነው። ሚሸጠው ልጅ 43 ያደርጋል፣ እኔ 42 ነኝ፣ ካልሲ ደርቤ ሮጬበታለሁ። ለልምምድ አላወጣውም፣ ለውድድር ብቻ ነው፣ ልምምድ ላይ ምሮጥበት አሮጌ ነው፣ አንዱ ጎኑ በመርካቶ ሙጫ ተጣብቆ ነው ያለው።

ልምምዱን ታውቁታላችሁ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ሰርቪስ፣ አንድ ቀን ሰንዳፋ ኮሮኮንች፣ አንድ ቀን እንጦጦ ጫካ፣ አንድ ቀን አስፋልት። ሎንግ ራን ላይ አሰልጣኙ በመኪና እየተከተለ ውሃ ያቀብላል፣ የነዳጅ ያላዋጣ ሰው ውሃው ላይ እጁን ለመዘርጋት ያፍራል፣ ማንም አትጠጣ አይልህም፣ አንተ ግን ታፍራለህ። ከጉዳት ይሰውራችሁ እንጂ ከተጎዳህ ፊዚዮ በሰዓት ነው ሚከፈለው። ሐኪም ስለሌለን ጉንፋን ሲይዘን ፋርማሲ ሄደን የሰጡንን እንውጣለን፣ ውስጡ የተከለከለ ነገር ይኑር አይኑር ሚነግረን የለም፣ ይሄ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው ሌላ ቀን ብትጽፉበት ጥሩ ነው። ባለቤቴ መንገድ ዳር ጀበና ቡና ታፈላለች፣ ውድድር በሌለበት ጊዜ ቤቱ ሚቆመው በሷ ነው። ሰው ግን እሷንም "ባልሽ ውጪ እየሮጠ አንቺ ቡና?" ይላታል።

አንዳንዱ ልጅ ሄዶ ይቀራል፣ አልፈርድበትም። ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ አንድ ቤት ብዙ ሆነው ሚኖሩ ሯጮቻችን አሉ፣ አብሬው የተለማመድኩት ልጅ አንዱ ነው። ሌሊት አውቶብስ ይዞ ትንሽ ከተማ ሄዶ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ አንደኛ ከወጣ ጥቂት መቶ ዶላር፣ ሶስተኛ ከወጣ የአውቶብሱን ትኬት ብቻ ችሎ ይመለሳል፣ ሰኞ ሬስቶራንት ሰሃን ያጥባል። ወረቀቱ እስኪያልቅ ከአሜሪካ መውጣት ስለማይችል የትልልቆቹ ውድድሮች ዓለም ተዘግቶበታል። እሱም እዚ ሰፈሩ ውስጥ ሀብታም ነው ሚባለው።

እኔን ከሁሉም በላይ ሚያሳስበኝ ግን አዳዲሶቹ ልጆች ናቸው። ከአርሲ፣ ከጎጃም፣ ከሰሜን ሸዋ ስምንተኛ ክፍል አቋርጠው ይመጣሉ፣ አምስት ስድስት ሆነው ክፍል ይከራያሉ፣ ፍራሽ መሬት ላይ። አንዱ ባለፈው ልምምድ ላይ ተጠግቶ ጠየቀኝ፣ ስለ ፔስ ወይ ስለ ፋርትሌክ አይደለም፣ "ጋሼ፣ ዱባይ አሁንም 200 ሺ ነው?" ነው ያለኝ። ድሮ ነበር፣ ዱባይ ማራቶን ለአሸናፊው 200 ሺ ዶላር ሚሰጥበት ጊዜ ነበር፣ ቆይቶ ቀነሰ። ልጁ ቁጥሩን ከየት አመጣው? ከጋዜጣ፣ ከሬድዮ፣ ከፌስቡክ ነው። ሲቀንስ ስላልተዘገበ መቀነሱን አያውቅም። አትምጣ ልለው አልፈልግም፣ ቀነኒሳም ጥሩነሽም ከበቆጂ ነው የመጡት፣ ግን ትምህርቱን ጥሎ ሲመጣ ሂሳቡን አውቆ ቢመጣ ምን አለበት።

ታላቁ ሩጫን እዚ ላይ ማመስገን አለብኝ፣ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየህዳሩ ባይኖር ብዙዎቻችንን የትኛውም ማናጀር አያየንም ነበር። ግን በዓመት አንዴ ነው። አገር ውስጥ በየወሩ አስር ሺ ብርም ትሁን ሽልማቷ እዛው ሜዳ ላይ ምትከፈል ውድድር ብትኖር እኔ ውጪ ካለው አምስተኛ ደረጃ እሷን እመርጣለሁ፣ ቪዛ የላት፣ ትኬት የላት፣ ማናጀር የላት። አገር ውስጥ ያሉትንም ቢሆን ሽልማታቸው ስንት እንደሆነና መቼ እንደተከፈለ አንድ ቀን አውጡልን፣ ቦስተንን ከምትዘግቡበት ገጽ ሩቡን ስጡት።

ስለዚ ልመናዬ ይሄ ነው። ሲሸለሙ ሽልማቱን ጻፉ፣ ከስሩ አንድ መስመር ጨምራችሁ ግብሩ ስንት እንደሆነ፣ ማናጀሩ ስንት እንደሚቆርጥ፣ መቼ እንደሚከፈል ጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ደውላችሁ "ደረሰሽ ወይ? ደረሰህ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ፌዴሬሽኑን የፈቃድ ደብዳቤ ሲሰጥ ውሉን በአማርኛና በኦሮምኛ አስተርጉሞ ለምን ኮፒ አያስቀምጥም ብላችሁ ጠይቁልን፣ እኛ ብንጠይቅ ወረፋ ጠብቅ ነው ምንባለው፣ እናንተ ማይክ ይዛችሁ ስትሄዱ ግን ወንበር ይስባሉ።

ስሜን እንዳታወጡት አደራ። ማናጀሬ አማርኛ አይችልም፣ ሚነግሩት ግን አይጠፉም፣ የጥቅምቱ ውድድር ደግሞ ገና አልተረጋገጠልኝም።

ከሱሉልታ